ወላጅ ሲያረጅ፦ ውክልና፣ ኑዛዜ፣ ስጦታና ቀለብ ደረጃ በደረጃ

«አባቴ ደክመዋል፤ ቤቱን ከአሁኑ በስሜ ቢያዞሩልኝ አይሻልም?» «እናቴ መርሳት ጀምራለች፤ ውክልና ይዣለሁ፣ አይበቃኝም?» «ወንድሜ አንድ ብር አይልክም፤ ሕግ አያስገድደውም?»

ያረጀ ወላጅ ያለበት ቤት እነዚህን ጥያቄዎች አያጣም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ መሆኑ ነው። ወላጅ አእምሮው ንቁ ሳለ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ጉዳይ፣ አእምሮው ከደከመ በኋላ ፍርድ ቤት ይገባል። ከሞተ በኋላ ደግሞ እህትና ወንድም የሚካሰሱበት መዝገብ ይሆናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሁሉም በፊት ስለ ጊዜ ነው። የትኛው ወረቀት መቼ ይሠራል፣ መቼስ ዋጋ ያጣል?

አስቀድሜ ወሰኑን ልንገራችሁ። ውክልና፣ ስጦታና ውርስ የሚመሩት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቀለብና የባልና ሚስት ንብረት ደግሞ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ይገዛል። ይህ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎች ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። መንፈሱ ተቀራራቢ ቢሆንም የክልላችሁን አዋጅ ተመልከቱ። የገጠር መሬትም የራሱ ሕግ አለው፤ እዚህ የምናወራው ስለ ከተማ ቤት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሰው ነው።

አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ያዙልኝ። ወላጅ በሕይወት እስካለ ድረስ ንብረቱ የእሱ ነው። ልጅ ስለጦረ፣ ስላስታመመ ወይም ቤቱን ስላደሰ ብቻ ባለቤት አይሆንም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወላጁ ራሱ ለሚወስነው ነገር ሕጋዊ መልክ መስጠት ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጭ ብሎ ማውራትና ወረቀት መሰብሰብ

መጀመሪያ አውሩ። ልጆች በሙሉ ባሉበት ቢሆን ይመረጣል፤ ውጭ ያለውም በስልክ ይግባ። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ በር ዘግቶ የተሠራ ነገር፣ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ፣ ኋላ «አታለው አስፈረሙት» ይባላል።

ቀጥሎ ሰነዶቹን አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቡ። የቤቱ ካርታ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ የጡረታ ደብተር፣ ተከራይ ካለ የኪራይ ውል፣ ያበደሩት ወይም የተበደሩት ካለ ወረቀቱ ይግባ። የእድሩን ደብተርም አትርሱ።

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ የስም ልዩነት። ካርታው ላይ «አፀደ»፣ መታወቂያው ላይ «አጸደ»፣ ባንክ ላይ ደግሞ የአያት ስም ሌላ ሆኖ ይገኛል። በቀበሌ ዘመን በእጅ የተጻፈ መዝገብ ስለሆነ ይህ በየቤቱ አለ። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ መታወቂያ ይዘው ቀርበው «ሁለቱም እኔ ነኝ» ይላሉ። ከሞቱ ግን ልጆች ያንን ለማስረዳት ምስክር ይዘው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታሉ። ፋይሉን ዘርግታችሁ ስሞቹን ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የተለያየውን አሁኑኑ አስተካክሉ።

ሌላው፣ ካርታው በአባት ስም ብቻ ስለሆነ ቤቱ የአባት ብቻ ነው ማለት አይደለም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ አንዳቸው ያለ ሌላው ስምምነት ሊሸጡት ወይም በመያዣ ሊያስይዙት አይችሉም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ በእኛ ሕግ ሚስት የባሏ፣ ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደለም። በምሳሌ እንየው። የጋራ ቤታቸው 8 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፤ ልጆቹ አራት ናቸው። አባት ኑዛዜ ሳይተዉ ቢሞቱ ግማሹ፣ 4 ሚሊዮኑ፣ ድሮም የእናት ነው። ቀሪው ለአራቱ ልጆች እኩል፣ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ይደርሳል። እናት ከባላቸው ድርሻ በውርስ የሚያገኙት የለም። ከልጆቹ አንዱ «ድርሻዬን ሽጣችሁ ስጡኝ» ካለ፣ እኚህ እናት በ75 ዓመታቸው ከኖሩበት ቤት ሊወጡ ይችላሉ። አባት ከጋብቻ ውጭ የወለዱት ልጅ ካለም፣ አባትነቱ እስከታወቀ ድረስ፣ ከሌሎቹ እኩል ይወርሳል። የኑዛዜ ጉዳይ ለሀብታም ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ስሌት በራሱ ቤት ይሥራው።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ነገሩ ይለያል። የተከራዩት እንጂ ንብረታቸው ስላልሆነ በኑዛዜ አይተላለፍም።

ደረጃ 2፦ ውክልና

እናት ባንክ ሄደው መሰለፍ ካቃታቸው፣ አባት ኪራይ ለመሰብሰብ ደረጃ መውጣት ከከበዳቸው፣ መፍትሔው ውክልና ነው። ውክልና ሁለት ዓይነት ነው።

ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ቤት ማሳደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት ይቻላል። «ጠቅላላ» ስለተባለ ሁሉን ያሠራል ብላችሁ አታስቡ።

ልዩ ውክልና ለተለየ ጉዳይ ነው። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ በስጦታ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስና ክስ ለመመለስ ጉዳዩ በግልጽ መጻፍ አለበት። «ማናቸውንም ሥራ እንዲሠራልኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሽያጭ አይበቃም።

የእኔ ምክር፣ የሚያስፈልገውን ብቻ ስጡ ነው። ቤት የመሸጥ ሐሳብ ከሌለ የመሸጥ ሥልጣን ለምን ይጻፋል? ለምሳሌ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚከተለው ዓይነት ይበቃል፦

«ልጄ … በስሜ በ… ባንክ በሒሳብ ቁጥር … ካለው ገንዘብ ለኑሮዬና ለሕክምናዬ የሚያስፈልገውን እንድታወጣ፣ የጡረታ አበሌን እንድትቀበል፣ በቤት ቁጥር … ያለውን ቤቴን ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ እንድታከራይና ኪራዩን እንድትሰበስብ፣ በስሜ ግብርና የመብራትና የውኃ ሒሳብ እንድትከፍል ወክያታለሁ። ይህ ውክልና ቤቱን ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለመስጠት ወይም በዕዳ ለማስያዝ ሥልጣን አይሰጥም።»

ያች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ለቅሶ ታስቀራለች።

ውክልና በሕግ ፊት እንዲጸና ሥልጣን ባለው አካል መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሠራው ሁላችንም «ውልና ማስረጃ» የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚመራውም በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። በክልል ፍትሕ ቢሮን ጠይቁ። ወካዩ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል። መንቀሳቀስ ካልቻሉ ደግሞ ሠራተኛው ያሉበት ድረስ ሄዶ የሚያስፈርምበት አሠራር አለ፤ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ።

መስኮቱ ላይ የሚሆነውን ላሳያችሁ። አዋዋዩ፣ ማለትም ሰነዱን የሚያረጋግጠው ባለሙያ፣ አባትን ቀና ብሎ አይቶ «አባት፣ ዛሬ የመጡት ምን ሊፈርሙ ነው?» ይላል። ልጅ ቀድማ «ውክልና ሊሰጡኝ ነው» ስትል «እሳቸውን ነው የጠየቅሁት» ይላታል። አባት «እሷ ፈርም ብላኝ ነው» ብለው ከመለሱ፣ አዋዋዩ ሊያሰናብታቸው ይችላል፤ ማሰናበቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ወረቀቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሯችሁ። የማይፈልጉት ነገር ካለ ይሰረዝ። መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን አትርሱ፤ ስላልሰሙ ብቻ ያልገባቸው የሚመስሉ ብዙ ናቸው።

ልጁ ውጭ አገር ሆኖ ወላጁን ወይም እህቱን መወከል ከፈለገ፣ በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈርማል። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። ዋናውን በሰው እጅ ወይም በፖስታ ላኩ፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አያሠራም።

አሁን ዋናውን ነጥብ ስሙ። በውሉ ላይ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልና ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ (በሕግ ፊት ለራሱ መወሰን የማይችል ሲሆን) ይቀራል። «ውክልና ይዣለሁ» ብላችሁ እናት ካረፉ በኋላ ገንዘብ ብታወጡ፣ ያወጣችሁት የወራሾችን ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ትጠየቁበታላችሁ። የኤቲኤም ካርዱና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሩ እጃችሁ ላይ መሆኑም መብት አይሰጣችሁም።

ወካዩ በፈለገው ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። ሲሽሩም መሻሩ እዚያው ይመዝገብ፤ ለባንኩና ለተከራዩም በጽሑፍ ይነገር፣ አለዚያ አሮጌው ወረቀት ሲሠራ ይከርማል። ተወካይም ሒሳብ የማሳየት ግዴታ አለበት። የወጣውን የምትጽፉበት አንድ ደብተር ግዙ፤ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የላብራቶሪ፣ የአስታማሚ ደመወዝ ሁሉ በቀኑ ይግባ። እህት ወንድም ሲጠይቅ ደብተሩን መዘርጋት ከመሐላ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ስጦታ ወይስ ኑዛዜ?

«ቤቱን በስሜ አዙሩልኝ» የሚለው ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

ስጦታ ዛሬ ይሠራል። ስም ከዞረ ቤቱ የልጅ ነው። ልጁ ዕዳ ቢገባ ቤቱ ሊያዝ ይችላል። ልጁ ቀድሞ ቢሞት ቤቱን የሚወርሱት የእሱ ወራሾች ናቸው። ወላጅ ሐሳቡን ቢለውጥ ስጦታን መሻር የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ጠባብ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ያውም በክርክር። ኑዛዜ ግን የሚሠራው ሰውየው ሲሞት ነው። እስከዚያ ቤቱ የራሱ ነው፤ ኑዛዜውንም በፈለገው ቀን ይለውጠዋል፣ ይሽረዋል።

ወላጅ «ከእኔ በኋላ ላንተ ይሁን» ማለቱ ከሆነ የሚያስፈልገው ኑዛዜ ነው። ቤቱን ዛሬውኑ አሳልፎ ለመስጠት የወሰነና ሌላ መጠጊያ ያለው ሰው ብቻ ስጦታ ይስጥ። ይህን የምለው ጠንከር አድርጌ ነው፤ በራሳቸው ቤት ጥገኛ ሆነው የቀሩ እናቶች አሉ። ልጁ መልካም ቢሆን እንኳ፣ የነገ ትዳሩና የነገ ዕዳው ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

የግድ ስጦታ ይሁን ከተባለ፣ እንደ ቤት ያለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ፣ ደረጃ 4 ላይ በምናየው በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ካልተሠራ ዋጋ የለውም። ንብረቱ የጋራ ከሆነ ሁለቱም ባልና ሚስት ይፈርማሉ። ወላጅ እስከ ዕለተ ሞቱ በቤቱ የመኖር መብቱም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ስጦታ ሆኖ ሳለ «ሽያጭ» ተብሎ የሚጻፍ ወረቀት ካመጡላችሁ አትፈርሙ። ያልተከፈለ ዋጋ እንደተከፈለ አድርጎ መጻፍ ሐሰት ነው፤ ኋላም ራሱ የክርክር ምክንያት ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ኑዛዜ እንዴት ይጻፋል?

በአገራችን ኑዛዜ የሚፈርሰው በይዘቱ ብቻ ሳይሆን በፎርሙም ነው። አንዲት ቃል ስትጎድል ሙሉ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ሦስት ዓይነት ኑዛዜ አለ።

አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል፣ ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል።

ኑዛዜ ሲፈርስ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው «ተነበበ» የሚለው ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ … ቀን … ወር … ዓ.ም. ተናዛዡና ከዚህ በታች የፈረምነው አራት ምስክሮች በአንድነት ባለንበት ተነቦ፣ ተናዛዡ ቃሌ ነው ብለው ፈርመዋል፤ እኛም ወዲያው ፈርመናል።» ምስክሮቹ አብረው መገኘት አለባቸው። አንዱ ጠዋት ሌላው ማታ እየመጣ የፈረመበት ወረቀት አደጋ አለው። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን።

ሁለተኛው በተናዛዡ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ነው። ምስክር አያስፈልገውም። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ መጻፍ አለበት። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል። ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ለአዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በአደራ ካልተሰጠ ይቀራል። ጎበዝ ጸሐፊ የነበሩ አባት ጽፈው ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከቁርዓን መሐል ያኖሩት ወረቀት፣ ጊዜው አልፎበት ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ሕጉ ለቀብር ሥርዓት፣ ለትናንሽ ስጦታዎችና ለልጆች ሞግዚት ጉዳይ እንጂ ለቤት አልፈቀደውም። ሰውየው ከበሽታው ተርፎ ሦስት ወር ከኖረም ይቀራል። «አባቴ አልጋ ላይ ሆነው ቤቱን ለእኔ ብለዋል» ማለት ፍርድ ቤት አያዋጣም።

ከፎርሙ ሌላ እነዚህን ልብ በሉ፦

- ኑዛዜ የግል ነው። ማንም ተወካይ ሆኖ ለሌላ ሰው መናዘዝ አይችልም።
- ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ቢናዘዙ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወረቀት ስለየድርሻቸው ይናዘዙ።
- ልጅን ከውርስ መንቀል ይቻላል፤ ምክንያቱ ግን በኑዛዜው መጻፍ አለበት። ስሙን ዝም ብሎ ማለፍ መንቀል አይደለም።
- ንብረቱን ለልጆች ሲያከፋፍሉ ከሚደርሰው ድርሻ ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ ክፍፍሉን መቃወም ይችላል።

ያስታመመችዋ ልጅ ነገር የሚገባው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ሥራዋን ትታ ወላጆቿን የምትይዝ አንዲት ልጅ አለች። ሕጉ በራሱ ተጨማሪ ድርሻ አይሰጣትም፤ ውጭ ካለው ወንድሟ እኩል ናት። ወላጅ ድካሟን ማሰብ ከፈለገ በኑዛዜው በግልጽ ያስቀምጥላት፤ ምክንያቱንም ይጻፍ። ይህን ወላጅ ራሱ ሲያደርገው ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እሷ ኋላ ስትጠይቅ ግን ስግብግብ ትባላለች። እናትን በቤታቸው ማቆየትም እንዲሁ ነው፦ አባት «ባለቤቴ እስከ ዕለተ ሞቷ በዚህ ቤት ትኖራለች» ብለው ሊናዘዙ ይችላሉ።

ተናዛዡ ዕድሜያቸው ከገፋ ወይም ከታመሙ፣ በዚያው ሰሞን ሐኪም አይቷቸው አእምሯቸው ንቁ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይያዝ። ሕጉ አያስገድድም፤ ግን «አእምሮው ሳይኖር ነው የተናዘዘው» የሚለውን ክርክር ያሳጥረዋል። ኑዛዜውን የት እንዳስቀመጡም ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ።

ደረጃ 5፦ ጊዜው ካለፈስ?

እናት ልጃቸውን መለየት አቅቷቸዋል፤ ሐኪም የመርሳት በሽታ ብሏል፤ ውክልና አልነበረም። አሁን ውክልና ማስፈረም አይቻልም። እጃቸውን ይዞ አሻራ ማስደረግ ደግሞ ወንጀል ውስጥ ያስገባል።

መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ራሳቸው፣ የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ወይም ዐቃቤ ሕግ በፍርድ ክልከላ (ሰውየው ሕጋዊ ሥራዎችን በራሱ እንዳይሠራ የሚያግድ ውሳኔ) እንዲደረግና ሞግዚት እንዲሾም ማመልከት ይችላል። የሐኪም ማስረጃ፣ የዝምድና ማስረጃና ምስክር ይቀርባል። ፍርድ ቤቱም ሰውየውን በዳኛ ዓይን ማየትና መጠየቅ ይፈልጋል። ክልከላው ሲወሰን ሞግዚቱ ሰውነታቸውንና ንብረታቸውን ይጠብቃል፤ እንደ ቤት ሽያጭ ያለውን ከባድ ነገር ግን እንደ ልቡ አያደርግም።

ማየት የተሳናቸው ወይም በቋሚ ሕመም ራሳቸውን መምራት ያቃታቸው፣ አእምሯቸው ግን ንቁ የሆነ ሰዎች ይህንኑ ጥበቃ ለራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ። እነሱን ማንም አያስገድዳቸውም። ማርጀት ብቻውን የማንንም መብት አይነጥቅም፤ ዕድሜያቸው 90 ቢሆንም ከገባቸው ውሳኔው የእሳቸው ነው።

ደረጃ 6፦ ቀለብ

ወላጅን መጦር ምርቃት ብቻ አይደለም፤ የሕግ ግዴታም ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ተጽፏል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚቆጠሩ ዘመዶች፣ ማለትም ወላጅና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም ወንድምና እህት ቀለብ ይሰጣጣሉ። ቀለብ ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም ይጨምራል።

ለመጠየቅ ሁለት ነገር መረጋገጥ አለበት። ወላጁ ችግረኛ መሆኑና ሠርቶ መኖር አለመቻሉ ነው። መጠኑ የሚወሰነው የጠያቂውን ችግርና የሰጪውን አቅም በማመዛዘን ነው። ሁኔታው ሲለወጥ መጠኑም ሊሻሻል ይችላል። ልጁ «ገንዘብ የለኝም፤ ግን ቤቴ ይምጡ» ካለ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል።

ማስረጃ አዘጋጁ። የወር ወጪ ዝርዝር ከነደረሰኙ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የጡረታው መጠን፣ የልደት ወይም የልጅነት ማስረጃ፣ የልጁን ገቢ የሚያሳይ ነገር ካለ እሱም። ማመልከቻውን ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፋሉ፤ ግን ታሪኩን አሳጥራችሁ ንገሯቸው፤ ስድብ አይግባበት። ቀለብ ዛሬ ለመኖር የሚሰጥ ነገር ስለሆነ፣ ሳይጠየቅ የቀረውን የዓመታት ቀለብ መልሶ ማስከፈል ከባድ ነው። አትዘግዩ።

ዳኝነት መክፈያ ከሌለ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማዕከላት አሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ይሠራል። ፍትሕ ቢሮዎችንም ጠይቁ።

ከክስ በፊት ግን ሽማግሌ አስቀምጡ። ብዙ እናቶች ልጃቸውን ከሰው ቀለብ ከመቀበል ተርበው ማደር ይመርጣሉ፤ ያ ስሜታቸው መከበር አለበት። ልጆች ተስማምተው ማን በወር ስንት እንደሚያዋጣ፣ ማን መድኃኒት እንደሚገዛ በአንድ ገጽ ጽፈው ቢፈርሙ፣ ለሁሉም የቀለለ ነው።

ደረጃ 7፦ ከቀብር በኋላ

ሞት በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ላይ መመዝገብ አለበት። የሞት ምስክር ወረቀት ሳይያዝ ምንም አይንቀሳቀስም፤ የተረጋገጠ ኮፒ በርከት አድርጋችሁ ያዙ።

ኑዛዜ መኖሩን ፈልጉ፤ ውልና ማስረጃንና ፍርድ ቤት መዝገብ ቤትን ጨምሮ። ኑዛዜ ሆን ብሎ ያጠፋ ወይም የለወጠ ሰው ለመውረስ የተገባ አይደለም ይላል ሕጉ።

ቀጥሎ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ክርክር የሌለበት ከሆነ የሚታየው በከተማው ፍርድ ቤት ነው። ሟች ሙስሊም ከሆኑና ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። ባንክም መሬት አስተዳደርም የሚጠይቁት ይህንን ወረቀት ነው። ማመልከቻው ላይ ወራሾችን በሙሉ ጥቀሱ፤ ውጭ ያለችውን እህት ዘሎ የወጣ ማስረጃ ይሰረዛል።

የጡረታ አበል ውርስ አይደለም፤ ልጆች እንደ ውርስ አይካፈሉትም። ባለቤታቸው የተተኪ ጡረታ ያገኛሉ፤ ይህም የሟቹ አበል 50 በመቶ ነው። ቶሎ አመልክቱ፤ ለብዙ እናቶች ብቸኛው ቋሚ ገቢያቸው እሱ ነው።

ከመከፋፈል በፊት ዕዳ ይከፈላል። ቅድሚያ ያለው የቀብር ወጪ ነው። ተዝካርን ግን ሕጉ ከቀብር ወጪ አልቆጠረውም። ስለዚህ «ለተዝካር ያወጣሁት ከውርሱ ይቀነስልኝ» ለማለት ያሰበ ልጅ አስቀድሞ ከሌሎቹ ጋር ይስማማ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል።

የመጨረሻው የጊዜ ገደብ ነው። አንዱ ወራሽ ቤቱን ይዞ «ቆዩ፣ እንነጋገራለን» እያለ ዓመት ከዓመት ሊያልፍ ይችላል። ወራሽነት የማስከበር ክስ መብታችሁን ካወቃችሁና ሌላው ንብረቱን መያዙን ከተረዳችሁ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ሦስተኛው ዓመት ሳይሞላ ግን ክሱን መዝገብ ቤት አስገቡ። ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ እዚያው ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ።